የገመቹ ቤቶች፣ የእኔ ሰዎች

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቢሮዬ ውስጥ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ እንኳ ብርቅ አይደለም፤ ጣራው ላይ ሶላር ስላስገጠምን እኛ ጋ መጥፋቱ አይታወቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን ሶላሩም አብሮ ዝም አለ። ኮምፒዩተሮቹ ጠፉ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ከውጭ የባጃጅ ድምፅና የጎረቤት ዶሮ ጩኸት ይሰማ ጀመር። አብራኝ የምትሠራው ወጣት ስልኳን አውጥታ ወንበሯ ላይ ተለጠጠች። እኔ ሳላስበው መሳቢያ ከፍቼ አገላብጣለሁ።

"ምን ጠፋብሽ፣ አስቱዬ?" አለችኝ።

"እርሳስ።"

"መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርሳስ ምን ሊያደርግልሽ?" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ፤ ገመቹ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ሰበታ ከእናቴ ጋር፣ የምሠራው ቡራዩ ከገመቹ ጋር። ገመቹ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አብረን ኮምፒዩተር ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ አጣን። ጓደኞቻችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲጋፉ እኛ ቡራዩ ላይ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ዌብሳይት መሥራት ጀመርን። ቡራዩን የመረጥነው ለፍትሕ ብለን ነው። እሱ ከሱሉልታ፣ እኔ ከሰበታ ስንመጣ በመንገዱ እኩል እንድንማረር። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ሦስት ሦስት ሚኒባስ ቀያይረን፣ እሱ ከእንጦጦ ማዶ ብርዱን በጃኬቱ ይዞ፣ እኔ የሰበታን አቧራ በጫማዬ ይዤ እንገናኛለን።

ፍሪላንስ የሚለውን ነገር ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

"ቀጣሪሽ ማነው?" ትለኛለች።

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

"ታዲያ ማን እንዳይቆጣሽ ነው በጠዋት የምትሮጪው?"

ስቄ ወደ ሚኒባሱ እሮጣለሁ። ለጎረቤት ግን "ልጄ ኮምፒዩተር ትጠግናለች" ትል ስለነበር የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ሬዲዮና ካውያ ሳይቀር ያመጣልኝ ነበር። አንድ ሁለቱን ገመቹ ጠግኖልኛል።

የቡራዩ መብራት በዚያ ዘመን መምጣቱ እንጂ መጥፋቱ አያስገርምም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ ወይም መጣሁ ብሎ ዓይኑን አርገብግቦ ይመለሳል። ላፕቶፖቻችን ያገለገሉ ስለነበሩ ባትሪያቸው አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ አይቆይም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ ላይ ቆመን እንራገም ነበር። እርግማናችን አልሠራም።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ጠቆር ሲል፣ ገመቹ መራገሙ ሰለቸውና በጠረጴዛው ልባስ ላይ መሳል ጀመረ። ልባስ የምለው ከማተሚያ ቤት በኪሎ የገዛነው የጥቅል ወረቀት ትርፍ ነው፤ ዳር ዳሩ የተበላ፣ ርዝመቱ ግን ማለቂያ የሌለው። ፊት ለፊታችን የነበረውን ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ሳለው። ከበሩ ጎን ያለውን የተሰነጠቀ ግንብ፣ ግንቡ ላይ የወጣውን ሣር፣ ሁሉንም። ገመቹ ቤት ሲስል የቆርቆሮው ዝገት ሳይቀር ይታያል። በሩ ሥር ፓስቲ የምትጠብሰውን ሴትዮ ሊጨምር ሲሞክር ግን አያድርስ ነው። አፍንጫ ሲያበጅ ዓይን ይጠፋዋል፣ እጅ ሲሠራ አካፋ ይሆንበታል።

"ይቺ ሴትዮ ብታይህ ፓስቲ አትሸጥልህም" አልኩና እርሳሱን ቀማሁት።

የእኔ ነገር ተቃራኒው ነው። ቤት ስስል ይዘምብኛል። ሰው ግን አንዴ በዓይኔ ካየሁት አይጠፋኝም፤ ሲቀመጥ ትከሻው ወዴት እንደሚያጋድል፣ ሲያዳምጥ እጁን የት እንደሚያደርግ ካየሁ በቂዬ ነው። ከፎቶ ወይም ከወሬ ተነስቼ ግን ሰው ስዬ አላውቅም። ሴትዮዋን ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጭሱን ከፊቷ እያባረረች ሳልኳት። ገመቹ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ።

"በቃ" አለ፣ "ከዛሬ ጀምሮ መብራት ሲኖር የደንበኛ፤ መብራት ሲጠፋ የራሳችን። ቤቶቹ የእኔ፣ ሰዎቹ ያንቺ።"

የራሳችን ያልነው ሥራ ውሎ አድሮ ቅርጽ ያዘ። መንገዱን ልንስለው ነው፤ ከሰበታ ጀምሮ በቡራዩ በኩል እስከ ሱሉልታ፣ በሚኒባስ መስኮት እንደሚታየው፣ ቤት በቤት፣ ደጅ በደጅ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር አስገብተን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን የሚሄድ አንድ ረጅም ድረ ገጽ እናደርገዋለን። የሚያየው ሰው ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ተነስቶ በጣቱ እየገፋ ሱሉልታ ሣር ሜዳ ላይ ይወርዳል። መሀል ያለችውን አዲስ አበባን ዘለልናት። "እሷን የሚስላት አይጠፋም" አለ ገመቹ።

ያ ክረምትና ተከትሎት የመጣው መስከረም በዕድሜዬ ከኖርኳቸው ቀናት ሁሉ ይበልጥ የሚናፍቁኝ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ "ኤጭ!" ይላል፤ እኛ ጫማችንን እናስራለን። የጥቅሉን አንድ ክንድ ያህል በጣውላ ላይ ወጥረን እንወጣለን። ቡራዩ ላይ ድንጋይ ጠራቢዎቹን ጭቃ ውስጥ ቆመን ሳልናቸው፤ አንደኛው መሳላቸውን ሲያውቅ ፀጉሩን በውኃ አርሶ መጣ። ገፈርሳ አጠገብ የተጠበሰ በቆሎ እየበላን ወረቀቱን በከሰል አበላሽተን፣ ጥቁሩን የጣት አሻራ ወደ ወፍ ለውጠነዋል። ሰበታ የአበባ እርሻ ሠራተኞች በሰዓታቸው ሲወጡ ለመያዝ ሦስት ቀን ተመላልሰናል። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጭቃዬን ዓይታ "ኮምፒዩተር ጭቃ አለው እንዴ?" ትለኛለች።

ፍቅር ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ነበር። ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱን ከጃኬቱ ሥር አድርጎ እኔን ከወረቀቱ ጎን ሲያስጠጋኝ ነበር። አንዳችን ብንናገር ኖሮ የተለየ ሕይወት እንኖር እንደሁ አላውቅም። አልተናገርንም፤ ሁሌ መብራት ይመጣና ወደ ሥራ እንሮጣለን።

ሥራው እየበዛ መጣ። ደንበኛ ደግሞ "መብራት ጠፍቶብኝ ነው" ሲሉት ሰው ሁሉ የሚለውን ሰበብ ያሉት ይመስለዋል። ሁለት ጥሩ ሥራዎች በዚህ ምክንያት ካመለጡን በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ትልቅ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዝቼ በባጃጅ አስጭኜ መጣሁ። ገመቹ ይደሰታል ብዬ ነበር። ዞር ዞር ብሎ ዓየው፣ ሽቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

"ጥሩ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "እንግዲህ መቼ ልንስል ነው?"

"እሁድ እንስላለና!"

እሁድ ግን ልብስ ይታጠባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ እንቅልፍ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ "ኤጭ!" ይላል፤ እኛ ቀና ብለን እንኳ አናይም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ደንበኛ መጣ፣ ስማችን ተጠራ፣ እኔም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የደንበኛ ሥራ ይደውላል፤ የራስ ሥራ አይደውልም። ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ይመስላል።

ጥቅሉ በዚያን ጊዜ ሱሉልታ ገብቶ ነበር። የቀረው መጨረሻው፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለው የገመቹ አባት ቤት ነው። ኦቦ ደበላ የሚባሉትን አባቱን ዓይቻቸው አላውቅም። ገመቹ በየበዓሉ "እንሂድ፣ እርጎ ጠጪ፣ ጭኮ ብዪ" ይለኛል፤ እኔ በየበዓሉ ሥራ አለኝ። በወሬ ግን አውቃቸዋለሁ። ላም በስሟ እየጠሩ እንደሚያልቡ፣ ለገመቹ ትምህርት ስንት ጭነት ድርቆሽ እንደሸጡ፣ የልጃቸውን ሥራ ለሰው ሲያስረዱ "ሰማይ ላይ ሱቅ ይሠራል" እንደሚሉ።

አንድ ሰኞ ገመቹ ከወትሮው ዘግይቶ መጣ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ቤታቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ለአባቱ ከኋላ ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

"እሁድ ዘመድ ተጠርቷል" አለኝ። "ማሽኑ ሳይመጣ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ራሳችን እናወርዳለን። ቅዳሜ መሄድ አለብን፣ አስቱ። እኔ ቤቱን፣ አንቺ አባዬን።"

"አባትህ ይቀመጡልኛል?"

"ከነገርኳቸው ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። 'ባርኔጣዬን ላድርግ ወይስ ልተው?' እያሉ እናቴን አድክመዋታል።"

"ያድርጉት በላቸው" አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እርሳሶቼን ዓርብ ጠዋት ቀርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛዬ ደወለ። ለገጣፎ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቶ እሁድ ሊያስመርቅ ነው። ድረ ገጹን ጨርሼ አስረክቤው ነበር፤ አሁን ግን ፎቶዎቹን በሙሉ ሊቀይር ፈልጓል። "እኅቴ፣ የጠራኋቸው ሰዎች በስልካቸው ከፍተው ነው የሚያዩት፤ አታሳፍሪኝ" አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እኔ እምቢ ብለው ኖሮ ይናደድ ነበር፤ ቢበዛ ሌላ ሥራ አይሰጠኝም ነበር። እኔ ግን እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ለገመቹ ደወልኩ። ሱሉልታ ደርሶ፣ ጣውላውን ዘርግቶ፣ እየጠበቀኝ ነው።

"ሁለት ሰዓት ስጠኝ" አልኩት።

ሁለቱ ሰዓት አለቀ። አዲሶቹ ፎቶዎች ትልልቅ ናቸው፤ ኢንተርኔቱ እንደ ኤሊ ይሳባል። የመዋኛ ገንዳው ፎቶ ሦስት ጊዜ ተጭኖ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ስድስት ሰዓት ላይ ገመቹ ራሱ ደወለ።

"ደርሰሻል?"

"ገና ነኝ። ገመቹ፣ አንተ ቤቱን ሳለው፤ እሱ ነው የሚፈርሰው። አባትህን ሌላ ቀን መጥቼ እስላቸዋለሁ። ሰው እንደ ቤት አይፈርስ!"

ቀልድ መስሎኝ ነው ያልኩት። እሱም ትንሽ ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ "እሺ" ብሎ ዘጋ። አመሻሹ ላይ ሥራዬን ጨርሼ ላክሁ። ደንበኛዬ "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሰኞ ገመቹ ጥቅሉን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ከሳላቸው ቤቶች ሁሉ እንደዚያ የሚያምር አልነበረም። ጭቃው ከግድግዳው ላይ የተላጠበት ቦታ፣ ጭዱ ብቅ ያለበት፣ የበሩ ደፍ በስንት ዓመት መግባትና መውጣት መሀሉ የጎደለበት። ቀዩ ቀለም ብቻ የለም፤ እሱን ትቶታል። በሩ ፊት ለፊት አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለች። በርጩማዋ ላይ ማንም የለም።

"እሷን ላንቺ ትቼልሻለሁ" አለኝ።

"አባትህ አዘኑብኝ?"

"ኧረ! ሥራ ይዟት ነው አልኳቸው።"

ጥቅሉን እንደተዘረጋ ትቶ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለ ጥቅሉ ማንሳት ተውን። ግንቦት ላይ ገመቹ ከተማ ውስጥ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሳንጣላ፣ ተቃቅፈን ተለያየን። ጥቅሉን እኔ ጋ ተወው፤ "ሰው የምትጨምሪበት አንቺ ነሽ" ብሎ። በየወሩ "በሚቀጥለው እሁድ ሱሉልታ እሄዳለሁ" እያልኩ፣ ስሙኝማ፣ ሁለት ዓመት አለፈ።

ኦቦ ደበላ በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ሞቱ። ሱሉልታን የገመቹ ቤት ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት ለለቅሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከመታወቂያ ላይ ተነስቶ የተለቀ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሲያሳድጉት ደብዝዞ የማንም አባት ሊሆን የሚችል ፊት ሆኗል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ እርጥብ የሣር ሽታ ከየአቅጣጫው ይገባል። የገመቹ እናት አዴ ለሊሴ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

"አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰው የምትስይው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያኔ እኮ ጠበቁሽ። ባርኔጣውን አስቦረሹኝ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ምሳ እንቢ አሉ፤ 'ስታኝክ ብትመጣብኝስ?' ብለው።" ዓይናቸው ላይ ሳቅ ብልጭ አለና ጠፋ። "ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸው ላይ መጣች። በርጩማዋን ወደ ጥላው ልሳብልዎ ብላቸው፣ 'ተይ፣ ልጁ እዚህ ጋ ስሏታል፤ ልጅቷ ስትመጣ ይበላሽባታል' አሉኝ። ልጁ 'ዛሬ አትመጣም' ቢላቸው እንኳ፣ ላሞቹ እስኪገቡ ድረስ እዚያው ነበሩ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ድሮ የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን አልከሰሱኝም፤ ለቅሶ ደራሽ የሚበላውን ሁሉ በእጃቸው አጎረሱኝ።

ዛሬ ሠላሳዎቹን አገባድጃለሁ። ሰበታ ውስጥ ቢሮ አለኝ፤ ሥራዬ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ እናቴንም ጦሮልኛል። ስለዚህ ሥራዬን አላማም። የሠራኋቸው ድረ ገጾች ብዛታቸውን አላውቀውም፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የለገጣፎው ማረፊያ ስሙን ቀይሮ ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ ያን ቅዳሜ የለፋሁበትን ገጽ ብፈልገው አይከፈትም። ጥቅሉን ግን ያየ ሁሉ ይወደዋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ወዳጄ በኤግዚቢሽን ላሳየው ብሎ ለመነኝ። በርጩማዋ ላይ ሲደርስ፣ "የሰውየው ፎቶ ካለ'ኮ አሁን ኮምፒዩተሩ ራሱ በአንድ ደቂቃ ያስቀምጥልሻል" አለኝ። ጠቅልዬ ወሰድኩበት።

ሐሙስ ዕለት መብራቱ ሲመጣ ሥራ አልጀመርኩም። ወጥቼ ለገመቹ ደወልኩ። አሁን ሱሉልታ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ በአባቱ ምትክ ቦታ ላይ ላሞች ያረባል። በዓመት አንዴ እንደዋወላለን፣ በበዓል። በዓል ባልሆነ ቀን ስደውልለት ደንገጥ አለ።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ገመቹ፣ አባትህ ሲቀመጡ እጃቸውን የት ነበር የሚያደርጉት?"

ከኋላው ላም ትጮኻለች፣ ባልዲ ይንኳኳል።

"ሁለቱንም ዱላቸው ላይ" አለ። "አይ... አንዱን ጉልበታቸው ላይ መሰለኝ። አስቱ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እየጠፉብኝ ነው። የቤቱን እያንዳንዱን ምሰሶ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ሳይቀር አስታውሳለሁ። አባዬን ግን አንቺ ትይዢልኛለሽ ብዬ ነበር።"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ስለ ወተት ዋጋና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ትንሽ አወራን፣ ተሳስቀንም ተሰነባበትን። ቢሮ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሦስት ደንበኞች መልእክት ልከው ነበር፤ ለሦስቱም መለስኩ። በዕድሜዬ ከሳልኳቸው ሰዎች ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ። ኦቦ ደበላን አልሳልኳቸውም፣ ፊታቸውንም አላውቀውም፤ ይናፍቁኛል።